በወረቀት የተሸጠው ጠርሙስ

እናቴ ማሽተት ያቆመችው በኮሮና ጊዜ ነው። በሽታው ራሱ በሁለት ሳምንት ለቀቃት፤ ሽታ ግን አብሮት እንደወጣ ቀረ። የክሊኒኩ ሐኪም "ይመለሳል፣ ትንሽ ታገሺ" አለቻት። እማዬም ታገሠች። ይኸው ዓመታት አለፉ፣ ቡናው ትኩስ ውሃ፣ በርበሬው ባዶ እሳት ሆኖባት ቀረ።

ለሌላ ሰው ቢሆን "ዓይን ከሚጠፋ አፍንጫ ይሻላል፣ ተመስገን ነው" ተብሎ ይታለፋል። እሷ ግን ወገራ ሳለች የአረቄ ዳኛ ነበረች። ሰርግ ወይም ተዝካር ሲደርስ፣ አረቄ ያወጣች ሴት ሁሉ በትንሽ ጠርሙስ ይዛ ወደ እኛ ቤት ትመጣለች። እማዬ አትጠጣውም። ዝም ብላ ታሸተዋለች፤ ከዚያ እንደ ሽማግሌ ትፈርዳለች። "ይቺ ቸኩላለች፣ እሳት በዝቶባታል።" "ይቺን ጌሾው አሸንፏታል።" "ይቺ አልበሰለችም፣ ዳግም ትውጣ።" እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከጠርሙስ ጋር የምታወራ ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም ከዚያ ብዙ የራቀ ነገር አላስብም።

እና ይህች ሴት በአይሁድ አገር፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ወተቱ ይበላሽ አይበላሽ የማታውቅ ሆነች። አንድ ቀን ወጥ አሳርራ ጭሱን በዓይኗ እስክታይ ድረስ አልነቃችም። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ እየደወለች "ና አሽትልኝ" ትለኛለች። የምሠራው እዚያው አጠገቧ፣ ቤኤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ መንደር ውስጥ ስለሆነ፣ ወደምኖርበት ከተማ ወደ ያቭኔ ከመመለሴ በፊት ጎራ እላለሁ። ማቀዝቀዣውን ትከፍትና አንድ በአንድ አፍንጫዬ ሥር ታቀርባለች፤ አይቡን፣ ዓሣውን፣ የትናንቱን ምስር። "ምን ይላል?" ትላለች። የአረቄ ዳኛ ሳለች ለራሷ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው። "ደህና ነኝ ይላል" እላታለሁ። ወይም "ጣሉኝ ይላል።" ያልኳትን ታምናለች። አንድ ጊዜ ጎረቤቷ "ማሽተት ካቃተሽ እንዴት ትኖሪያለሽ?" ብትላት፣ "አፍንጫዬ ያቭኔ ነው የሚኖር፣ በየቀኑ ይመጣል" አለቻት። እኔ አምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሰው፣ ከዚያ ንግግር የበለጠ ሹመት አግኝቼ አላውቅም።

አሁን በርበን ወደሚባለው ውስኪ ልምጣ።

የምሠራበት መጋዘን መጠጥ ከውጭ የሚያስገባ ነው። እኔ ዕቃ ማንሻ መኪና እነዳለሁ። መጠጥ ለእኔ ካርቶን ነበር፤ ክብደትና ቁጥር። አንድ ቀን ጠዋት ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የበርበን ካርቶን ተንሸራቶ ወደቀና ጠርሙሶቹ ተሰበሩ። ሁሉም መጥረጊያ ሊያመጣ ሮጠ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከሲሚንቶው ላይ የተነሣው ሽታ ወደየት እንደወሰደኝ እኔው ነኝ የማውቅ። ጠላ ሊጠመቅ ሲል ጋን በወይራ ጭስ ሲታጠን የሚሸት ነገር አለ አይደል? እሱ ነበር። ማር ነበረበት፤ በቆሎ እሸት በፍም ላይ ሲጠበስ የሚሸተውም ነበረበት። መጋዘኑ ውስጥ የጠዋት ፀሐይ በከፍታው መስኮት ገብታ ወለሉ ወርቅማ ሆኗል፤ እኔ አፌን ከፍቼ እንደ ጅል ቆሜአለሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም።

አንድ የቆየ የሥራ ባልደረባ ነበር፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ገዴራ ከተማ የሚኖር። መጥረጊያውን ይዞ መጣና አየኝ። "አሃ፣ አንተም ተያዝክ" አለኝ ሳቅ እያለ። "ዓርብ ቀትር ላይ ቤቴ ና።"

ሄድኩ። መኪና አላስነሣሁም፤ በአውቶቡስ ሄጄ በአውቶቡስ ተመለስኩ፣ ከዚያ ወዲህም ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ገዴራ ባለው ቤቱ ጓሮ ውስጥ አንድ ትልቅ የብርቱካን ዛፍ አለው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ አንድ ማሰሮ ውሃ። ብርጭቆው አፉ የጠበበ፣ ሆዱ የሰፋ ነው። አንዲት ጣት የማትሞላ ቀዳልኝና እንደ አረቄ ልገለብጣት ስል እጄን ያዘኝ። "ምነው፣ ጠላትህ ነው እንዴ?" አለኝ። እሱ እንዳሳየኝ፣ መጀመሪያ አየዋለሁ፣ ከዚያ አሸተዋለሁ፣ ያውም አፍንጫዬን ሳልከት፣ አፌን ትንሽ ከፍቼ። ኃይለኛ ነውና አፍንጫን ይመታል። ውሃ ሳይነካው በቀጥታ ከበርሜል የተቀዳ ነው፤ ከመቶው ከስልሳ በላይ አልኮል ነው። ከዚያ በማንኪያ ጫፍ አንዲት ጠብታ ውሃ። ጠብታዋ ስትገባ ውስኪው እንደ ሰው ይፈታል፤ ተቆጥቶ የነበረው ይለዝብና ማውራት ይጀምራል።

ባልደረባዬ ቫኒላ፣ ቆዳ፣ የትምባሆ ቅጠል፣ የደረቀ ቼሪ ሲል እኔ እስቃለሁ። ማን ጨመረበት? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! እህልና ውሃ፣ እርሾ፣ በውስጡ የተለበለበ የኦክ በርሜል፣ ከዚያ ዓመታት፤ ሌላ ምንም የለበትም። ግን ዓርብ በዓርብ ስሄድ ኩበቱን እኔም መልቀም ጀመርኩ። የብርቱካኑ አበባ ይረግፋል፣ ንብ ብርጭቆው አፍ ላይ ትዞራለች፣ ከሩቅ የሰንበት ምግብ ይሸታል፤ ሁለታችንም አንነጋገርም። ያን ሰዓት እወደው ነበር። በሳምንቱ ውስጥ የራሴ የምለው እሱን ብቻ ነበር።

እሁድ ደግሞ ለእማዬ እነግራታለሁ።

መጀመሪያ የነገርኳት ለጨዋታ ነው። ማቀዝቀዣውን አሽትቼላት ስጨርስ "አንድ የፈረንጅ አረቄ ቀመስኩ" አልኳት። "ምን ይላል?" አለች፣ ቶሎ፣ ዓይኗ በርቶ። ጨነቀኝ። ቫኒላ ብላት አታውቀውም። "መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ማር ማር ይላል፣ ከሥሩ ጭስ አለበት" አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። "እህሉ በቆሎ ነው" አለች። "በቆሎ ብቻውን ሲሆን እንደዚያ ይጣፍጣል። ጋኑን ደግሞ አጥነውታል።" "ጋን አይደለም፣ በርሜል ነው፤ ውስጡን በእሳት አክስለውት ነው" ስላት፣ "ያው ነው" አለች፣ "እንጨትም ሆነ ሸክላ፣ ያልታጠነ ዕቃ መጠጥ አያሳድርም። ብልሆች ናቸው።" እኔ ስንት ዓርብ የፈጀብኝን ነገር ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ሳታሸት፣ ጨረሰችው። ወይ ጉድ!

"እሳቱስ የት ይቀመጣል?" አለችኝ ቀጥላ። "ምላስ ላይ ከቀረ ሌባ ነው። ደረት ወርዶ ከተቀመጠ ባለቤት ነው።"

"ደረት ላይ ነው እማዬ። ቆይቶ ቆይቶ።"

"እንግዲያ ባለቤት ነው" አለች።

እንደዚያ ለመድነው። ከበርሜሉ በየዓመቱ ተንኖ የሚጠፋውን የመላእክት ድርሻ እንደሚሉት ብነግራት ከት ብላ ሳቀች። "መላእክቱም ሰካራም ሆኑ? ለዚህ ነዋ ጸሎታችን የሚዘገይ!" እሷ ከድሮም አትጠጣም፤ አሁን ደግሞ የደም ግፊት ክኒን አለባት። ብቻ እንድነግራት ትፈልጋለች። እኔም ዓርብ ስቀምስ ለራሴ መቅመስ ተውኩ፤ እሁድ እንዴት ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ሆነ የምቀምሰው።

ከዚያ ያን ጠርሙስ ገዛሁ። አሥራ ስድስት ዓመት በርሜል ውስጥ የኖረ፣ ከመቶው ስልሳ ስድስት። ለመጋዘናችን ጥቂት ብቻ ነበር የመጣው፤ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ከተፋታሁ ቆየሁ፤ ያቭኔ ምድር ቤት ነኝ፣ መዳፍ የምታክል ጓሮ አለችኝ። ነፋስ ከአሸዋው ክምር በኩል ሲመጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እዚያ እቀመጥና አንዲት ማንኪያ የምታህል እቀዳለሁ። ይህ ውስኪ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። የሆነ ቀን የጥቁር አዝሙድ ሽታ ይሰጣል፣ የሆነ ቀን የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ ቀን ደግሞ ዝናብ የመታው የሣር ክዳን። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላም ይለወጣል፤ አየር ሲያገኝ ይለዝባል። ለእማዬ ስነግራት "ሽማግሌ ነው፣ በአንድ ቀን ሁሉን አይናገርም" ትለኛለች። ወራት ሙሉ ያን ጠርሙስ ሁለታችን ጠጣነው ማለት ይቻላል፣ እኔ በአፌ፣ እሷ በጆሮዋ።

ዓመት እንኳ አልሞላውም፣ የዚህ አገር ክረምት ሊያበቃ ሲል እማዬ ደረጃ ላይ ወደቀች። አጥንት አልተሰበረም፣ ጉልበቷ ግን ተጎዳ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። የእኛ የአይሁዶች ፋሲካ ሲቃረብ "እኔ ጋ ትሆኛለሽ፣ ያላ፣ በይ፣ አለቀ" አልኳት። እናቴ ፋሲካን ከራሷ ቤት ውጭ አድርጋ አታውቅም። እኛ አገር ለፋሲካ እርሾ የነካው ሁሉ ይወጣል፤ የድሮው ሸክላ እንኳ ይሰበርና በአዲስ ይተካል። እዚህ አገር ያለውን ልማድ ደግሞ ታውቃለች። ሰው እርሾ ያለበትን ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ፣ በረቢው በኩል አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው በወረቀት ይሸጠዋል፤ ከበዓሉ በኋላ ይመለስለታል። የሚያደርጉትን አትነቅፍም። ለራሷ ግን አይዋጥላትም።

"ቤትህ እርሾ የሚባል ነገር እንዳይኖር" አለችኝ። "እኔ አላሸትም። አንተን ነው የማምን።"

"ቤሰደር፣ እሺ እማዬ" አልኳት።

ቤቱን አጠብኩት እኮ! ዱቄቱን፣ ፓስታውን፣ ቢራውን አወጣሁ። ምድጃውን ፈትቼ ፋቅሁት። ጠርሙሱ ጋ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለ። በርበን እህል ነው፤ በቆሎው ምንም ባይባል አጃና ገብስ አለበት፣ እርሾም ገብቶበታል፤ ማወቁን አውቃለሁ። ግማሹ ገና አለ። አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቀን ነገር እንዴት አድርጌ ልድፋው? ስለዚህ ወረቀቱን ፈረምኩ። ጠርሙሱን ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ጠባብ የዕቃ ክፍል፣ ማክሰን በምንላት፣ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ በፕላስተር አሸግኩት። ተሽጧል፣ የእኔ አይደለም፣ ስለዚህ ቤቴ ውስጥ የለም። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ይጣፍጣል!

እማዬ ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድማ መጣች። ምርኩዟን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመችና "ዙርና አሽትልኝ" አለች። ዞርኩ። እያንዳንዱን በር እየከፈትኩ ጮክ ብዬ ነገርኳት። ሳሎኑ የሳሙና ሽታ ነው። ኩሽናው ሎሚና ኮምጣጤ። መታጠቢያው ክሎር። የእኔ መኝታ የተተኮሰ አንሶላ፤ የአንቺ መኝታ አዲስ ቀለም። ጓሮው አሸዋና ባሕር። "ንጹሕ ነው?" አለች። "ንጹሕ ነው እማዬ" አልኳት። ቃሉ ከአፌ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እነዚያን ሦስት ቀናት የሽምብራ ቆሎ ነበር የምትበላው። ይህ በፋሲካ ዋዜማ የቆየ ልማዷ ስለሆነ አላስደነቀኝም። ያስደነቀኝ ሌላ ነው። አንድም ነገር "አሽትልኝ" አላለችኝም። ቡናዋ ውስጥ የምትጨምረውን ወተት ራሷ ብርሃን ላይ አድርጋ አየችው፣ ጣቷን ነክራ በምላሷ ነካችው፣ ከዚያ ተወችውና ቡናውን ጥቁሩን ጠጣች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። "ላሽትልሽ?" አልኳት። "ይቅር፣ አትድከም" አለች። አነጋገሯ ለስላሳ ነበር፤ እንግዳ ሰው ስታነጋግር ነው እንደዚያ የምትለሰልስ። ቀኑን ሙሉ ቤቱ ውስጥ እንደ ሕልም ሰው ተንከራተትኩ። የሳሙናው ሽታ ራሱ ይከሰኝ ጀመር።

በዋዜማው ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሻንጣዋን ደጃፍ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"ወዴት ነው?"

"ቤቴ ውሰደኝ።"

"ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴ ያመኛል እንጂ አይዋሸኝም" አለች።

ደነገጥኩ። "ማን ዋሸሽ?"

"የዚህ ቤት በር ሰባት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አንተ የስድስቱን ሽታ ነገርከኝ። ማክሰኑን ዘለልከው።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ሦስት ቀን ጠበቅሁህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ነው። አልጠራም።"

ያን ጊዜ አፈርኩ ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ተናደድኩ። "ተሽጧል እኮ!" አልኳት። "ወረቀት አለኝ፣ ረቢው ፈርሞበታል!"

"ማን ገዛው?"

"አንድ ሰው።"

"ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም።"

"መጥቶ ወሰደው?"

"አልወሰደውም፣ እማዬ፣ እንደዚያ አይደለም አሠራሩ…"

"ከበዓሉ በኋላስ?"

"ይመልስልኛል።"

"ያልወሰደውን ምን ብሎ ይመልሳል?"

"አገሩ በሙሉ የሚያደርገው ነው!" ብዬ ጮኽኩ። እናቴ ላይ ጮኽኩ፣ በፋሲካ ዋዜማ።

"አገሩ ያድርግ" አለች። "እኔ አገሩን አልጠየቅሁም። አንተን ነው የጠየቅሁ። ንጹሕ ነው ወይ ስልህ፣ 'አንድ ጠርሙስ አለ፣ በወረቀት ሸጬዋለሁ' ብትለኝ እስቅብህ ነበር፤ ያንን ሽማግሌማ እኔም አውቀው የለ? ማስቀረትህ አይደለም ያስቀየመኝ፣ መደበቅህ ነው። ከእንግዲህ ወተቱ ደህና ነው ስትለኝ በምን አምንሃለሁ?" እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። "እኔ እኮ ሌላ አፍንጫ የለኝም።"

"በይ እንሂድ" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት ክፉ ሰው ነኝ ስቆጣ። ሻንጣዋን ሳይ ግን አፌ ተዘጋ። ትንሽ ናት፣ የልጅ ሻንጣ የምታህል፤ አራት ፎቅ ደረጃ በዚያ ጉልበት ልትወጣ ነው። ለረቢው ቢሮ ደወልኩና ከዝርዝሩ አንድ ጠርሙስ እንዲሰርዙልኝ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሣው ሰው ሳቀ። "እስካሁን የሚጨምር እንጂ የሚያስቀንስ አልገጠመኝም፤ የሽያጩ ሰዓት ገና አልደረሰም፣ የራስህ ነው" አለኝ።

ፕላስተሩን ቀደድኩት። ጠርሙሱን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። እማዬም በምርኩዝ ተከትላኝ ወጥታ ደፍ ላይ ቆመች። ፀሐይዋ ገና ለጋ ነበረች፤ ጠርሙሱን ሳጋድለው ውስጡ እንደ ምሽት ጀምበር ቀላ። ቀስ ብዬ ነው ያፈሰስኩት። የያቭኔ አሸዋ ሲጠጣ ድምፅ የለውም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ከወራቶቻችን ጋር እዚያች መዳፍ በምታክል ጓሮ ገብቶ አለቀ፤ የቀረው እርጥብ ምልክት ብቻ ነበር። አለቀስኩ። ለውስኪው ነው ብል ውሸት ነው፣ ለውስኪው አይደለም ብልም ውሸት ነው። እንደ ልጅ፣ አፍንጫዬ እስኪዘጋ አለቀስኩ።

"ምን ይላል?" አለች እማዬ ከኋላዬ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጠየቀችኝ። ጎንበስ ብዬ ወደ አሸዋው ተጠጋሁና ሳብኩ። ምንም የለም። አፍንጫዬ በእንባ ድፍን ብሏል። ደግሜ ሳብኩ፤ ምንም። የዚያን ጠርሙስ ሽታ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። የታጠነ ጋን፣ የበቆሎ እሸት፣ ማር፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ዝናብ የመታው ሣር፤ ዓይኔን ጨፍኜ አሳምሬ ልነግራት እችል ነበር፣ እሷም ደስ ይላት ነበር። አፌ ሊጀምርም ተዘጋጅቶ ነበር።

"እማዬ" አልኳት፣ "ምንም አይሸተኝም።"

"ምንም?"

"ምንም። አፍንጫዬ ተዘግቷል።"

ወደ እኔ ቀረበች። ከዚያ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ፣ አምሳ ዓመት የሚጠጋኝን ሰውዬ።

"ይሄን አምናለሁ" አለች። "በል፣ ሻንጣዬን አስገባልኝ።"